ጥያቄን ስለ ማስተላለፍ፦ በዌብ ሰርቨርና በአፕሊኬሽን ሰርቨር መካከል ስለሚቆመው ፕለጊን የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት፣ ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶ ስለማያውቀው፣ ስሙን የሰሙትም ቢሆኑ ሥራው በሰላም እስከ ሄደ ድረስ ፈጽመው ስለማያስቡት አንድ ትንሽ ፕሮግራም ለመናገር ነው። ይኸውም በዌብ ሰርቨር ውስጥ አድሮ፣ ከብራውዘር የመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ በስተጀርባ ላለው አፕሊኬሽን ሰርቨር የሚያደርሰው፣ መልሱንም ተቀብሎ ለጠያቂው የሚመልሰው፣ በሙያው ሰዎች ዘንድ ፕሮክሲ ፕለጊን የሚባለው ነው። ይህ ፕለጊን የሚታዘዝበት የኮንፊገሬሽን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከሃያ መስመር አያልፍም፤ አጭር በመሆኑም ከሌላ ቦታ ገልብጦ፣ አድራሻውንና የፖርቱን ቁጥር ብቻ ለውጦ መሄድ የተለመደ ሆኗል። እኔ ግን በእነዚያ ጥቂት መስመሮች ውስጥ ማንን እንደምናምን፣ እስከ ምን ድረስ እንደምንታገሥ፣ ሳይፈጸም የቀረውንም ሥራ እንድገመው ወይስ እንተወው የሚለው ፍርድ ሁሉ ተጠቃሎ ይገኛል ባይ ነኝ፤ ፍርዱን እኛ ባንሰጥ ፕለጊኑን የሠራው ኩባንያ አስቀድሞ ሰጥቶልናልና፣ የማናውቀው ሰው በሩቅ አገር ሆኖ የወሰነውን ይዘን እንኖራለን ማለት ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ በአጭሩ ልናገር፤ የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ተቋም ሳለ በ1989 ያቀረበው ሐሳብ ፍሬ አፍርቶ ዌብ የምንለው ነገር ሲወለድ፣ የዌብ ሰርቨር ተግባር በዲስክ ላይ የተጻፈውን ገጽ አንሥቶ ለጠየቀው ሰው ከመላክ ብዙም አያልፍም ነበር። ሰው ግን አስቀድሞ በተጻፈው ብቻ የሚረካ ፍጥረት አይደለምና፣ በጥያቄው ልክ በዚያው ቅጽበት የሚሰናዳ መልስ ፈለገ፤ ስለዚህም በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ኤን.ሲ.ኤስ.ኤ. በተባለው ማዕከል በ1993 ሲ.ጂ.አይ. የሚባለው ሥርዓት ተደነገገ። በዚህ ሥርዓት ዌብ ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ አዲስ ፕሮግራም ይቀሰቅሳል፤ መልሱን ከተቀበለም በኋላ ያሰናብተዋል። ጠያቂው ጥቂት ሲሆን ይህ የሚያስነቅፍ አልነበረም፤ ጠያቂው በሺህ ሲቆጠር ግን ማሽኑ ዋና ሥራውን ትቶ ፕሮግራም ሲቀሰቅስና ሲያሰናብት ይውላል። ከዚህ የተነሣ፣ አንድ ጊዜ ተነሥቶ የማይተኛ፣ የዳታቤዝ ግንኙነቶችን አዘጋጅቶ የሚጠብቅ፣ የተጠቃሚውንም ሁኔታ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው የሚያስታውስ፣ ራሱን የቻለ አፕሊኬሽን ሰርቨር አስፈለገ። በ1995 የተመሠረተው፣ በ1998 በቢ.ኢ.ኤ. ሲስተምስ የተጠቀለለው፣ ቢ.ኢ.ኤ. ራሱ በ2008 በኦራክል ሲገዛም አብሮ የተሻገረው ዌብሎጂክ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1999 ለአፓቺ ማኅበር ያበረከተው ቶምካት ደግሞ ሌላው ነው። ዛሬ ከሁሉ ይልቅ የዌብሎጂክን ፕለጊን መሠረት አድርጌ እናገራለሁ፤ የቀሩትን በየቦታቸው አነሣለሁ።

ታዲያ ዌብሎጂክ በ7001፣ ቶምካትም በ8080 ፖርት ላይ ሆነው ብራውዘሩን በቀጥታ ለማነጋገር የሚችሉ ከሆነ፣ በፊታቸው ሌላ ሰርቨር ማቆም ለምን አስፈለገ? አንዱ ምክንያት ጥንታዊ ነው፤ ዩኒክስ ከ1024 በታች ያሉትን ፖርቶች ለሩት ብቻ ስላስጠበቀ፣ በ80 ወይም በ443 ላይ ሊያዳምጥ የሚሻ ፕሮግራም ሲነሣ ያን ሥልጣን ይፈልጋል። አፓቺ የተባለው ዌብ ሰርቨር በሩት ሥልጣን ተነሥቶ ፖርቱን ከያዘ በኋላ ጥያቄ የሚቀበሉትን ሂደቶች ወደ ታናሽ ተጠቃሚ ያወርዳቸዋል፤ በጃቫ ለተጻፈ ፕሮግራም ግን ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም። ሥዕልና የገጽ ማስጌጫ የመሰለውን የማይለወጥ ፋይል ዌብ ሰርቨሩ ራሱ ቢመልሰው አፕሊኬሽን ሰርቨሩ ለከባዱ ሥራ ነጻ ይሆናል፤ ምስጢረ ቁልፉና ሰርቲፊኬቱም በአንድ ቦታ ይጠበቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ በስተጀርባ ያሉት ማሽኖች ሲበዙ፣ ሲጠገኑ፣ ሲወድቁና ሲነሡ በውጭ ያለው ሰው አንድ አድራሻ ብቻ እያወቀ መኖሩ ነው።

የመጫኑ ነገር ብዙ ንግግር አያሻውም። በአፓቺ ላይ ሞጁሉን የሚጠራ አንድ መስመር ይጻፋል፤ ቀጥሎ የትኛው የአድራሻ መንገድ ለዌብሎጂክ እንደሚሰጥ በሎኬሽን ክፍል ይወሰናል፤ በስተጀርባ ያለው ሰርቨር አንድ ብቻ ከሆነ ዌብሎጂክ-ሆስትና ዌብሎጂክ-ፖርት በሚሉት ትእዛዞች፣ ብዙ ሆነው በክላስተር የተያያዙ ከሆነ ግን ዌብሎጂክ-ክላስተር በሚለው ትእዛዝ ስማቸውና ፖርታቸው በኮማ ተለይቶ ይዘረዘራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ይህ ዝርዝር የመነሻ ዝርዝር እንጂ የመጨረሻ አይደለም። ዳይናሚክ-ሰርቨር-ሊስት የሚባለው ትእዛዝ በዲፎልት የበራ ስለሆነ፣ ፕለጊኑ ከክላስተሩ መልስ ሲያገኝ በዚያን ሰዓት በሕይወት ያሉትን ሰርቨሮች ዝርዝር አብሮ ተቀብሎ በዚያ ይሠራል። ስለዚህ አንድ ሰው ከጽሑፉ ውስጥ የአንዱን ማሽን ስም ሰርዞ «ከእንግዲህ ጥያቄ አይደርሰውም» ብሎ ቢያምን፣ ማሽኑ የክላስተሩ አባል እስከሆነ ድረስ እምነቱ ከንቱ ነው።

ስለ መንገድ መለወጥ ግን ጥቂት መቆየት ይገባኛል፤ ምክንያቱም ቀላል መስሎ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ነው። በውጭ ያለው ሰው ፖርታል በሚል መንገድ ይመጣል እንበል፤ አፕሊኬሽኑ ግን በውስጥ የሚታወቀው ሒሳብ በሚል መንገድ ነው። ፓዝ-ትሪም የሚባለው ትእዛዝ የፊተኛውን ቃል ይቆርጣል፤ ፓዝ-ፕሪፔንድ የሚባለው የኋለኛውን ይጨምራል፤ ቅደም ተከተላቸውም መቁረጥ መጀመሪያ፣ መጨመር በኋላ ነው። ጥያቄው በትክክል ደረሰ፤ ገጹም ተከፈተ፤ ሠራተኛውም ሥራዬን ጨረስሁ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ነገር ግን አፕሊኬሽኑ በውጭ በምን ስም እንደሚጠራ አያውቅምና፣ ለተጠቃሚው ኩኪ ሲሰጥ ኩኪው የሚሠራበትን መንገድ ሒሳብ ብሎ ሊጽፍበት ይችላል። ብራውዘሩም በበኩሉ ፖርታል ወደሚለው መንገድ ሲመለስ፣ ይህ ኩኪ የዚህ መንገድ አይደለም ብሎ በኪሱ ያስቀረዋል። ተጠቃሚው ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ይገባል፤ ወዲያው ደግሞ ስምህን አስገባ ይባላል፤ ይህም ያለ ፍጻሜ ይደጋገማል፤ በሎጉ ላይ ግን አንዳች የስሕተት ቃል አይገኝም። የአፓቺ የራሱ ሞድ-ፕሮክሲ ለዚህ ሁለት መድኃኒት አዘጋጅቷል፤ ፕሮክሲ-ፓስ-ሪቨርስ የሚለው አፕሊኬሽኑ ወደ ሌላ ገጽ ሂድ ብሎ ሲመራ የሚጽፈውን አድራሻ ያርማል፤ ፕሮክሲ-ፓስ-ሪቨርስ-ኩኪ-ፓዝ የሚለው ደግሞ የኩኪውን መንገድ ያርማል። በገጹ ሥጋ ውስጥ የተጻፉትን ሊንኮች ግን ሁለቱም አይነኩም። ኢጎር ሲሶየቭ የተባለው ሩሲያዊ በ2004 ለሕዝብ ባወጣው ዌብ ሰርቨር በኤንጂንኤክስ ደግሞ፣ ፕሮክሲ-ፓስ ከሚለው ትእዛዝ አድራሻ መጨረሻ ላይ አንዲት ጭረት መኖሯና አለመኖሯ መንገዱ እንዲለወጥ ወይም ሳይለወጥ እንዲያልፍ ታደርጋለች። በእኔ ምክር፣ ከመቁረጥና ከመቀጠል ይልቅ አፕሊኬሽኑን በውስጥም በውጭም በአንድ ስም መጥራት ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ይህን ማድረግ እየተቻለ መንገድ የሚቆርጥ ሰው ለራሱ ድካም ይገዛል።

ኩኪን ካነሣን ዘንድ ስለ ሴሽን እንናገር። ዌብሎጂክ በክላስተር ሲሠራ ለተጠቃሚው የሚሰጠው ኩኪ በቃለ አጋኖ የተለያዩ ክፍሎች አሉት፤ ፊተኛው የሴሽኑ መለያ ነው፤ ቀጥሎ የሴሽኑ ዋና ባለቤት የሆነው ሰርቨር መታወቂያ ይመጣል፤ ቀጥሎም ቅጂውን የያዘው የሁለተኛው ሰርቨር መታወቂያ አለ። ፕለጊኑ ይህን አንብቦ ጥያቄውን ወደ ዋናው ይመራዋል፤ ዋናው ቢወድቅ ወደ ሁለተኛው ያዞረዋል፤ ተጠቃሚውም የጀመረው ቅጽ ሳይጠፋበት ሥራውን ይቀጥላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ፕለጊኑ ኩኪውን በስሙ ሲያውቀው ነው። የአፕሊኬሽኑ ሠራተኞች የኩኪውን ስም ጄ-ሴሽን-አይዲ ከሚለው ወደ ሌላ ቢለውጡና ይህንኑ በፕለጊኑ ጽሑፍ ላይ ባያስታውቁ፣ ፕለጊኑ እያንዳንዱን ጥያቄ እንደ አዲስ እየቆጠረ ለባለ ተራው ሰርቨር ይሰጣል፤ ቅጂ በማይያዝበት ቦታም ተጠቃሚው በየገጹ እንግዳ ይሆናል። በቶምካትና እርሱን ከአፓቺ ጋር በሚያገናኘው ሞጁል በሞድ-ጄኬ ዘንድም የዚሁ ወንድም የሆነ ጥፋት አለ፤ በቶምካቱ ጄቪኤም-ሩት ተብሎ የተጻፈው ስምና በዌብ ሰርቨሩ የወርከር ስም ተብሎ የተጻፈው ስም አንድ ካልሆኑ ማያያዣው ይበጠሳል። ሁለቱ ስሞች የሚጻፉት በሁለት ማሽኖች ላይ፣ ብዙ ጊዜም በሁለት የተለያዩ ሰዎች እጅ መሆኑን ስታስቡ ጥፋቱ አያስደንቃችሁም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር እንምጣ፤ እርሱም የመታገሥና የመድገም ነገር ነው።

ፕለጊኑ የሚታገሥበት ልክ ሁለት ዓይነት ነው። ፊተኛው ግንኙነቱን ለመክፈት የሚጠብቅበት ነው፤ በዲፎልት በየ2 ሴኮንዱ እየሞከረ እስከ 10 ሴኮንድ ይታገሣል፤ አልሆን ቢለው ለጠያቂው 503 የሚለውን ቁጥር ይመልሳል። ሁለተኛው ግንኙነቱ ተከፍቶ ጥያቄው ከተሰጠ በኋላ መልስ የሚጠብቅበት ነው፤ ይህም በዲፎልት 300 ሴኮንድ ነው። ሦስት መቶ ሴኮንድ አምስት ደቂቃ መሆኑን ልብ በሉ፤ አምስት ደቂቃ ባዶ ገጽ እያየ የሚታገሥ ሰው እስካሁን አላየሁም፤ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ገጹን ደጋግሞ ይጫናል፤ በተጫነው ቁጥርም ሌላ ጥያቄ ይወለዳል፤ የፊተኛው ግን በውስጥ እንደ ተያዘ ነው። በኤንጂንኤክስ ዘንድ ይህ ልክ በዲፎልት 60 ሴኮንድ ነው፤ ሲያልፍም 504 ይባላል። ከፕለጊኑ በፊት ደግሞ ሎድ ባላንሰር ካለ የእርሱ ትዕግሥት አለ፤ ከአፕሊኬሽኑ በኋላም የዳታቤዙ ትዕግሥት አለ። እነዚህ ልኮች በየራሳቸው ከተጻፉ፣ በውጭ ያለው ቀድሞ ተስፋ ቆርጦ ሲሄድ በውስጥ ያለው ለሌለ ሰው እየደከመ ይቀራል። ስለዚህ ትዕግሥት ከውስጥ ወደ ውጭ እየጨመረ መሄድ አለበት፤ ዳታቤዙ ከአፕሊኬሽኑ፣ አፕሊኬሽኑ ከፕለጊኑ፣ ፕለጊኑም ከሎድ ባላንሰሩ ቀድሞ «አልቻልሁም» ማለት ይገባዋል። ይህን የሚያደርግ መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም አራቱን ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ የሚመለከት ባለቤት ስለማይገኝ ነው።

የመድገሙ ነገር ከዚህ ይጠነክራል። አንድ ሰው ከሒሳቡ ወደ ሌላ ሰው ሒሳብ 10,000 ብር እንዲተላለፍ አዘዘ እንበል። ፕለጊኑ ትእዛዙን ለአንደኛው ሰርቨር ሰጠ፤ ሰርቨሩም ገንዘቡን አስተላለፈ፤ ነገር ግን ደረሰኙን ከመላኩ በፊት ዘገየ፣ ፕለጊኑ የሚታገሥበትም ልክ አለቀ። ፕለጊኑ ሥራው መሠራቱን ወይም አለመሠራቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ያወቀው ነገር መልስ አለማግኘቱን ብቻ ነው። ታዲያ ያንኑ ትእዛዝ ለሁለተኛው ሰርቨር ይስጥ ወይስ ይተው? አይደምፖተንት የሚባለው የዌብሎጂክ ትእዛዝ የሚመልሰው ይህን ጥያቄ ነው፤ ሲበራ ድገም ማለት ነው፤ ሲጠፋ አትድገም ማለት ነው፤ ለብዙ ዕትሞችም ዲፎልቱ የበራ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ በአሳባችን ውስጥ ያለው ሰው 20,000 ብር ሊያጣ ይችላል፤ ሁለቱም ሰርቨሮች ግን ምንም አልበደሉም፤ እያንዳንዳቸው የተሰጣቸውን አንድ ትእዛዝ በትክክል ፈጽመዋልና።

ሕጉን የደነገጉት ሰዎች ይህን አልዘነጉትም። በ1999 የወጣው የኤች.ቲ.ቲ.ፒ. ድንጋጌ ጌት፣ ሄድ፣ ፑትና ዲሊት የሚባሉት የጥያቄ ዓይነቶች ቢደጋገሙ ውጤታቸው አንድ ጊዜ እንደተሠሩ እንዲቆጠር ሲያዝ፣ ፖስት የሚባለውን ከዚህ ቁጥር ውጭ አድርጎታል፤ ጸሎት ቢደገም አይነቀፍም፣ ጥምቀት ግን አይደገምም እንደሚባለው ያለ ልዩነት ነው። ኤንጂንኤክስም ከ2016 ጀምሮ ወደ ውስጥ ሰርቨር የተላከውን ፖስት ባለቤቱ በግልጽ ካላዘዘው በቀር ለሌላ ሰርቨር አይደግምም። ነገር ግን በድንጋጌ የተጻፈው በተግባር ሁልጊዜ አይከበርም፤ ሊንክ ሲጫኑት አንድ መዝገብ የሚሰርዝ ገጽ፣ ማለት በጌት ጥፋት የሚሠራ አፕሊኬሽን፣ ዛሬም በየቦታው አለ። ስለዚህ የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፤ ገንዘብ የሚነካውንና መዝገብ የሚለውጠውን መንገድ ሁሉ ለይታችሁ በየራሱ የሎኬሽን ክፍል አድርጉትና መድገሙን አጥፉበት፤ የዕቃ ዝርዝርን፣ ዜናን፣ ፍለጋን የመሰለውን ግን ቢደገም ለተጠቃሚው ይጠቅመዋልና ተዉት። ይህን ክፍፍል ለማድረግ የዌብ ሰርቨሩ ሠራተኛ የአፕሊኬሽኑን ጠባይ ማወቅ ግድ ይሆንበታል፤ ሁለቱ ክፍሎች ተቀምጠው ካልተነጋገሩ በቀር መንገድ የለም። አፕሊኬሽኑም ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ልዩ ቁጥር ሰጥቶ ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ሲያይ ቢያልፈው፣ ፕለጊኑ ቢሳሳት እንኳ ጉዳቱ ይቀራል።

በዚሁ አንቀጽ አንዲት ትንሽ ነገር ላክል። ፕለጊኑ ከሰርቨሩ ጋር የከፈተውን ግንኙነት ለሚቀጥለው ጥያቄ ብሎ ያቆየዋል፤ ሥራ ሲያጣ ግን በዲፎልት 20 ሴኮንድ ቆይቶ ይዘጋዋል። ዌብሎጂክ ደግሞ በበኩሉ 30 ሴኮንድ ይጠብቃል። ይህ የአሥር ሴኮንድ ልዩነት በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ ሰርቨሩ ቀድሞ ቢዘጋው ፕለጊኑ አለ ብሎ በተዘጋ ግንኙነት ላይ ጥያቄ ይልካልና፣ ምክንያቱ የማይታወቅ የሚመስል ስሕተት አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። አንዱን ቁጥር የሚለውጥ ሰው ሌላውን ሳያይ አይለውጥ።

ቀጥሎ የእምነት ነገር ነው። ፕለጊን በመካከል ከቆመ በኋላ አፕሊኬሽን ሰርቨሩ የሚያየው አንድ ጎብኚ ብቻ ነው፤ እርሱም ዌብ ሰርቨሩ ነው። ከመቀሌ የመጣውም፣ ከዋሽንግተን የመጣውም፣ ከዱባይ የመጣውም በአንድ አይ.ፒ. አድራሻ ተጠቃሎ ይታያል። ይህን ለማረም ፕለጊኑ የእውነተኛውን ጠያቂ አድራሻ በሄደር ላይ ጽፎ ይልካል፤ በብዙዎች ዘንድ የተለመደው ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፎር የሚባለው ነው፤ የዌብሎጂክ ፕለጊን ደግሞ የራሱን ደብልዩ-ኤል-ፕሮክሲ-ክላየንት-አይፒን ይጨምራል። ነገር ግን ሄደር ማለት ማንም ሊጽፈው የሚችል ቃል ነው። አንድ ተንኮለኛ ሰው ከቤቱ ሆኖ ይህንኑ ሄደር በራሱ እጅ ጽፎ ቢልክና ዌብ ሰርቨሩ ሳያጠፋ ቢያሳልፈው፣ አፕሊኬሽኑ ጠያቂውን የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ሠራተኛ ነው ብሎ ሊቀበለው ይችላል። ስለዚህ በዌብሎጂክ በኩል «ዌብሎጂክ ፕለጊን ኢኔብልድ» የሚባል ምልክት አለ፤ ሰርቨሩ እነዚያን ሄደሮች የሚያምነው ምልክቱ ሲደረግ ነው። ምልክቱን አድርጎ የ7001ን ፖርት ለዓለም ሁሉ ክፍት መተው ግን ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሰርቨሩ የሚመጣው ሁሉ በታማኙ ዌብ ሰርቨር በኩል የመጣ ነው ብሎ አምኖ ሳለ፣ ማንም በጓሮ በኩል ሊገባ ይችላልና።

የዚህን አደጋ ልክ የሚያሳይ እውነተኛ ታሪክ በቶምካት ላይ ደርሷል። አፓቺና ቶምካት የሚነጋገሩበት ኤ.ጄ.ፒ. የሚባል የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ በ8009 ፖርት ላይ ይሠራል፤ የተሠራውም በሁለት በሚተማመኑ ማሽኖች መካከል እንዲነገር ስለሆነ ቶምካት በዚህ ቋንቋ የተነገረውን ሁሉ ያለ ምርመራ ያምናል። ፖርቱ ግን ለብዙ ዓመታት በዲፎልት በማሽኑ አድራሻዎች ሁሉ ላይ ክፍት ነበር። በየካቲት 2020 ጎስትካት የሚል ስም የተሰጠው ጉድለት ይፋ ሲሆን፣ ወደዚያ ፖርት መድረስ የሚችል ማንኛውም ሰው በአፕሊኬሽኑ ውስጥ የተሰወሩትን የኮንፊገሬሽን ፋይሎች ለማንበብ እንደሚችል ታወቀ። ከዚያ በኋላ የወጡት የቶምካት ዕትሞች ይህን በር በዲፎልት ዘግተውታል፤ ቢከፈትም በራሱ ማሽን ብቻ እንዲያዳምጥና ምስጢራዊ ቃል እንዲጠይቅ አድርገውታል። በሌላ በኩል ደግሞ ፕለጊኑ ራሱ የሚያድረው በዌብ ሰርቨሩ ሆድ ውስጥ፣ በአንድ ሜሞሪ መሆኑን መርሳት አይገባም፤ በ2008 ክረምት የዌብሎጂክ የአፓቺ ፕለጊን በቅርጹ በተጣመመ ጥያቄ ሜሞሪው ሊጥለቀለቅ እንደሚችል ሲታወቅ፣ ኦራክል መደበኛውን የማረሚያ ወቅት ሳይጠብቅ አስቸኳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አፕሊኬሽን ሰርቨሩን በየጊዜው የሚያድስ መሥሪያ ቤት ፕለጊኑን ከተጫነበት ቀን ጀምሮ ሲረሳው አይቻለሁ።

ሁለቱ ሰርቨሮች አንድን ጥያቄ በሁለት ትርጓሜ የሚያነቡበትም ጊዜ አለ። የጥያቄ ርዝመት በሁለት መንገድ ይነገራል፤ ወይ በቁጥር፣ ወይ በየቁራጩ እየተለካ። አንድ ጥያቄ ሁለቱንም ይዞ ቢመጣ፣ የ1999ኙ ድንጋጌ ቁጥሩ ይተው ይላል፤ ይሁን እንጂ የፊተኛው ሰርቨር በአንዱ የኋለኛውም በሌላው ቢያምን፣ የጥያቄው ጅራት ለሚቀጥለው ሰው ጥያቄ ራስ ይሆናል። ይህ ተንኮል በ2005 ተጽፎ ነበር፤ ብዙ ሰው ረስቶት ቆይቶ በ2019 እንደገና በትላልቅ ድርጅቶች ላይ መሥራቱ ታይቷል። መድኃኒቱ የተምታታውን ጥያቄ ለማረም ሳይሞክሩ በበሩ ላይ መመለስ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት የዓለሙን ሁሉ የሚመለከት ነው፤ አንድ ነገር ግን በተለይ በእኛ ፊደል ለሚጽፍ ሰው ይደርሳል። የግእዝ ፊደል በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 ሲጻፍም እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። በዌብ አድራሻ ላይ ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በመቶኛ ምልክትና በሁለት ቁምፊዎች ይጻፋልና፣ አንድ ፊደል ዘጠኝ ቁምፊ ይሆናል፤ ኢትዮጵያ የሚለው ባለ አምስት ፊደል ቃል አርባ አምስት ይሆናል ማለት ነው። አፓቺ በዲፎልት የሚቀበለው የጥያቄ መስመር 8190 ባይት ሲሆን፣ በላቲን ፊደል ለሚጽፍ ሰው ሰፊ ሜዳ ነው፤ በአማርኛ ረጅም ጽሑፍ በጌት ለሚልክ ግን ከ910 ፊደል አያልፍም። የኤ.ጄ.ፒ. እሽግም በዲፎልት ከ8192 ባይት ስለማይበልጥና በዚያ ውስጥ ኩኪውም ሌላውም ሄደር መግባት ስላለበት፣ ወሰኑ ከዚህም ይጠብባል።

ከርዝመቱ ይልቅ የሚያሳዝነው መበላሸቱ ነው። ቶምካት እስከ ሰባተኛው ዕትሙ ድረስ በአድራሻ ላይ ያለውን ባይት በዲፎልት የሚያነበው በምዕራብ አውሮፓ ፊደል ሥርዓት ነበር፤ ስለዚህ በመዝገብ ውስጥ ስሙን በአማርኛ የሚፈልግ ሰው፣ ዌብ ሰርቨሩ ጥያቄውን በታማኝነት ቢያደርስለትም፣ ቶምካት ግን የአንዱን ፊደል ሦስት ባይት ሦስት ባዕዳን ፊደላት አድርጎ ያነብና «አልተገኘም» ይለዋል። ከስምንተኛው ዕትም ወዲህ ዲፎልቱ ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 ሆኗል፤ አሮጌውን የያዘ ግን ዩ.አር.አይ.-ኢንኮዲንግ የሚለውን በራሱ እጅ መጻፍ አለበት። በመካከል ያለው ሰርቨር ራሱ አድራሻውን ፈትቶ እንደገና የሚጽፍበትም ጊዜ አለ፤ ኤንጂንኤክስ በፕሮክሲ-ፓስ አድራሻው ላይ መንገድ ከተጨመረበት እንዲህ ያደርጋል፤ ካልተጨመረበት ግን ጠያቂው እንደ ጻፈው ያሳልፋል። ለአማርኛ አፕሊኬሽን ሳይነካ ማሳለፉን እመርጣለሁ፤ ከላይ መንገድ አትቁረጡ ያልሁበት ሁለተኛው ምክንያትም ይህ ነው።

በመጨረሻ ስለ መፈተን። ኮንፊገሬሽኑን የጻፈ ሰው ገጹ መከፈቱን አይቶ ፈተናው አለቀ እንዳይል እለምነዋለሁ። አንድ ባልንጀራውን ቅጽ እንዲሞላ ያድርግ፤ ቅጹ በተጋመሰ ጊዜ በኩኪው ላይ ዋና ተብሎ የተጻፈውን ሰርቨር ያቁመው፤ ባልንጀራው የሞላው መቆየቱን ወይም መጥፋቱን ይጠይቀው፤ ከዚያ መልስ የማይሰጥ፣ ሆን ብሎ የሚዘገይ ገጽ አዘጋጅቶ ጥያቄው በውስጥ ሰርቨሮች ሎግ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ተመዘገበ ይቁጠር። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ አልደገመም፤ ሁለት ከሆነ ደግሟል። ሰዓታቸው ያልተስተካከለ ማሽኖችን ሎግ ማነጻጸር ከንቱ ድካም ነውና፣ አስቀድሞ የሁሉንም ሰዓት ያስተካክል። የዌብሎጂክ ፕለጊን ዲበግ-ኮንፊግ-ኢንፎ የሚባለው ትእዛዝ ሲበራለት፣ በአድራሻው ላይ አንድ የተወሰነ ቃል ተጨምሮ ሲጠየቅ የሚሠራበትን ልክ ሁሉ፣ በሕይወት ያሉትንም ሰርቨሮች ዝርዝር በአንድ ገጽ ላይ ያሳያል፤ በፈተና ሳምንት ከዚህ የሚሻል ረዳት የለም። ነገር ግን ገጹ ለእናንተ የሚያሳየውን የውስጥ ማሽኖች ስምና ፖርት ለማንኛውም ጠያቂ ያሳያልና፣ ሰርቨሩ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ትእዛዙ መጥፋቱን ከውጭ ባለ ኔትወርክ ላይ ሆናችሁ ያንኑ አድራሻ በመጠየቅ አረጋግጡ።